«እሺ» ያሉኝ ሰው

አንድ ፎቶ አለኝ። ካነሳኋቸው ሁሉ እሱን የሚያህል የለም። ከሰሜን ተራሮች ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል፤ ይህ ፎቶ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ጋቢ ደርበዋል። ጠመንጃ አንግተዋል። ጀርባቸውን ለእኛ፣ ፊታቸውን ለገደሉ ሰጥተዋል። ከእግራቸው ወዲያ መሬት የለም። ከታች ጉም ተኝቷል። ከጉሙ ውስጥ አምባዎቹ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ብቅ ብቅ ብለዋል፤ የቅርቡ ጥቁር፣ የሩቁ ሰማያዊ፣ የመጨረሻው ከሰማዩ ጋር የተቀላቀለ። ሽማግሌው ከዚያ ሁሉ ፊት ጥፍር አያክሉም።

ፎቶውን የለጠፍኩት በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ነው። «ጀግና!» «የተራራው ባለቤት!» «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» የሚል አስተያየት ጎረፈ። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተቀባበሉት። አንድ ወዳጄ በትልቁ አሳትሞ ቢሮው ሊሰቅለው ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። ማን ምስጋና ይጠላል?

ሰውየው ግን እዚያ የቆሙት በራሳቸው ፈቃድ አልነበረም። ያቆምኳቸው እኔ ነኝ።

ከኋላ የሚሄዱት

ጉዞው በጥቅምት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና ያልደረቀበት፣ አየሩ የጠራበት ጊዜ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ፣ አስጎብኚያችን፣ ምግብ አብሳይ፣ ሁለት ባለ በቅሎዎች። ደባርቅ ላይ ስንመዘገብ እንደ ደንቡ ስካውት፣ ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቀን ሰው፣ ተመደበልን። እኚህ ሽማግሌ ናቸው። እኔ «ጋሼ» እላቸው ነበር፤ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል።

የእግር ጉዞ ላይ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሌም የመጨረሻው ነው። ሌላው አንድ ጊዜ ቆሞ አይቶ ያልፋል። እኔ እቆማለሁ፣ እንበረከካለሁ፣ ሌንስ እቀይራለሁ፣ ደመናው እስኪያልፍ እጠብቃለሁ። ቀና ስል ጓደኞቼ ኮረብታውን ዞረዋል። የስካውቱ ቦታ ደግሞ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ከእሳቸው ጋር ነበር።

አንድ ቀን እንኳ «ቶሎ በይ» አላሉኝም። ትሪፖዴን ስተክል ድንጋይ ፈልገው ይቀመጣሉ፤ ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ፤ ሩቅ ሩቅ ያያሉ። ሳነሳው ይነሳሉ። በሁለተኛው ቀን ትሪፖዱን ከእጄ ተቀብለው እሳቸው ያዙት። አልጠየቅኳቸውም። እግራቸው ላይ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ እኔ ለዚህ ጉዞ ብዬ የገዛሁት ወፍራም ጫማ ያንሸራትተኛል፣ እሳቸው በዚያ ፕላስቲክ ድንጋዩን እንደ ቤታቸው ደጅ ይረግጡታል።

ብዙ ነገር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከሳንካበር ወደ ግጭ በምንወጣበት ቀን የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ አገኘን። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። እኔ እያጎነበስኩ ልጠጋቸው ስሞክር እነሱም እየተነሱ ይርቃሉ። «ቁጭ በይ ልጄ። አትሂጂባቸው፣ ይምጡብሽ» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መሃላቸው ነበርኩ። አንዱ ወንድ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ፍንትው ብሎ እየታየ ከእግሬ ጥቂት ሜትር ርቆ ሲበላ፣ የሣሩ መነጨት ድምፅ እንደ ስስ ካፊያ ይሰማኝ ነበር። የዚያን ቀን ካነሳኋቸው መሃል ጥሩ የወጡት በሙሉ እዚያ ቁጭ ብዬ ያነሳኋቸው ናቸው።

ባትሪም እንዲሁ። ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ብርድ ባትሪን ይበላዋል። ማታ ሙሉ የነበረው ጠዋት ግማሽ ሆኖ ያድራል። ይህን አውቅ ነበር፣ ግን ከቦርሳዬ ውስጥ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬው ነበር። እሳቸው አይተው «ጉያሽ ውስጥ አድርጊው እንጂ፤ ጨርቅ ምን ሙቀት አለው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ባትሪዎቼን እንደ ጫጩት አቅፌ ነው የተኛሁት።

አሁን ስጽፈው የሚያመኝ ሌላ ነገር አለ። ግጭ እንደ ደረስን አመሻሽ ላይ አብረን ስንሄድ ቆም አሉና በከዘራቸው ወደ ሜዳው አመለከቱኝ። «እዚያ ጋ ነበር ቤቴ።» ካሜራዬን ወደዚያ አዞርኩ። ሣር ነው። ጥቂት የተከመረ ድንጋይ። የግጭ መንደር ሰዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ተነስተው ወደ ደባርቅ መስፈራቸውን አንብቤ ነበር። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በዚያው አቆጣጠር በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቦ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ውስጥ ገብቶ፣ በ2017 ደግሞ ከዚያ ዝርዝር መውጣቱንም አውቃለሁ። ያነበብኩት መንደር የእሳቸው መሆኑን ግን ያወቅኩት እዚያ ቆሜ ነው።

ምን አደረግኩ? ከጎኑ አንድ ትልቅ ጅብራ ነበር። ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራ። ከኋላው ብርሃኑ ወርቅ መስሏል። ጅብራውን አነሳሁ። ከቤታቸው ቦታ አንድም ፎቶ የለኝም። «ስንት ልጆች ነበሩ እዚያ?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነበራ።

ሦስተኛው «እሺ»

በማግስቱ ወደ እሜት ጎጎ ሄድን። 3,926 ሜትር። ምድሪቱ እንደ ምላስ ወደ ባዶው ወጥታ የምታልቅበት ቦታ ነው፤ በሦስት በኩል ገደል። ጓደኞቼ ሲደርሱ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ ወዲያው ግን ሥራ ጀመርኩ።

በዚያ ከፍታ ፎቶ ማንሳት ራሱን የቻለ ትግል ነው። አየሩ ስስ ነው። በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ካሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ስይዝ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ስለቀው ደግሞ ለአፍታ ዓይኔ ብዥ ይላል። ሰዓቱም እየሄደ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ ብርሃኑ ይነጣል፣ ጥላው ይጠፋል፣ ያ ሰማያዊ ድርድር ወደ አንድ ግራጫ ግድግዳ ይለወጣል። ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረኝ።

ሰባት ስምንት ጊዜ አነሳሁ። ሁሉም ባዶ ሆነብኝ። ትልቅነቱ አይታይም። ዓይኔ ያየውን ካሜራው አሳነሰብኝ። አንድ ነገር ጎደለ፤ ትልቅነቱን የሚናገር ትንሽ ነገር። ሰው።

ዞር አልኩ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ እዚያ ጫፉ ጋ ቢቆሙልኝ?»

«እሺ ልጄ።»

ተነስተው ሄዱ። ከጫፉ ሦስት እርምጃ ያህል ሲቀራቸው ቆሙ። በካሜራው አየሁ። ከፊታቸው ሣር ይታያል። ሣሩ ባይኖር ሰማይ ላይ የቆሙ ይመስሉ ነበር።

«ትንሽ ወደ ፊት!»

«እሺ።»

አንድ እርምጃ ሄዱ። ሣሩ አሁንም አለ።

«ትንሽ ደግሞ! ትንሽ!»

ወዲያው አልመለሱልኝም። አንገታቸውን ብቻ ዞር አድርገው አዩኝ። ሁለት ሴኮንድ ይሆናል። ያን አስተያየት አይቼዋለሁ። በካሜራው መስኮት ውስጥ በደንብ አይቼዋለሁ። ከዚያ ዞሩና፣

«እሺ» አሉ።

ነፋስ ነበር። ጋቢያቸውን አነሳው። ፎቶው ሕይወት ዘራ፤ ተጫንኩ። ካሜራው አሥራ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። በመሃል አንዲት ድንጋይ ከእግራቸው ስር ተንከባልላ ወረደች። ድንጋይ ሲወድቅ ድምፅ ይጠበቃል። ምንም ድምፅ አልመጣም። አስጎብኚያችን ከኋላዬ «ጋሼ ይመለሱ! ይመለሱ!» ብሎ ጮኸ።

ተመለሱ። ቀስ ብለው፣ አንዱን እግር አስረግጠው ሌላውን እያነሱ። አጠገቤ ሲደርሱ እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ።

«ወጣልሽ?» አሉኝ።

ወጥቶልኝ ነበር። አሳየኋቸው። አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ለእኔም ትልኪልኛለሽ?» አሉ። «እልክልዎታለሁ!» አልኩ፣ ዓይኔን ከካሜራው ሳላነሳ።

ማታ ጨነቅ ካምፕ እሳት ዳር አስጎብኚያችን አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሳቸው እኮ እምቢ አይሉሽም» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። «እንግዳ የጠየቀውን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። እምቢ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለና ተነስቶ ሄደ። ጥፋቱን ራሱ ላይ ማድረጉ ያን ጊዜ ትሕትና መሰለኝ። ወደ ድንኳኔ ገብቼ ፎቶዬን እያየሁ ተኛሁ።

ሣሩን የጨበጠው እጅ

ወዳጄ ለቢሮው የጠየቀኝን ልሰጠው ፋይሉን ለሕትመት ሳዘጋጅ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ለትልቅ ሕትመት ጥቃቅን ነገር ሁሉ ይጸዳል፤ አቧራ፣ ነጠብጣብ። ስለዚህ አጉልቼ ከጥግ እስከ ጥግ እያየሁ መጣሁ። ሰማዩን አለፍኩ። አምባዎቹን አለፍኩ። እሳቸው ጋ ደረስኩ።

ቀኝ እጃቸው የጠመንጃውን ማንገቻ ይዟል። ግራ እጃቸው ከጋቢው ስር ወደ ኋላ ወጥቷል። ትንሽ ጎንበስ ብለዋል፤ ከሩቅ አይታይም። ከኋላቸው ከፍ ካለ ድንጋይ ስር የበቀለ የጓሳ ጉንጉን አለ። ያን ጓሳ ጨብጠውታል። በዋዛ አይደለም የያዙት። ጣቶቻቸው ሣሩ ውስጥ ጠልቀዋል፣ የመገጣጠሚያ አጥንቶቻቸው ነጥተዋል፣ አውራ ጣታቸው ከስሩ ዞሮ ቆልፏል። ሕፃን ልጅ የእናቱን ቀሚስ እንደሚይዘው።

የተራራው ባለቤት፣ ጀግናው፣ ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት ሰው፣ ፈርተው ነበር።

መፍራታቸው ምንም አያስገርምም። ገደልን የሚፈራው ገደልን የሚያውቅ ነው። እሳቸው እዚያ ተወልደው ነው ያደጉት። የትኛው አፈር እንደሚሸረሸር፣ ነፋሱ በየት በኩል ዞሮ እንደሚመታ ያውቃሉ። ሦስት እርምጃ ሲቀራቸው የቆሙት አውቀው ነው። ያ ልካቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው እርምጃ ሁሉ የእኔ ነው። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» ይባላል። የእኔ ቃል ከአፌ ወጥቶ ሰው አፋፍ ላይ አደረሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እሺ» የሚለውን ቃል ሳስበው ነው የምውለው። በቀን ስንት ጊዜ እንለዋለን? ስልክ ስንዘጋ እሺ። ሳንስማማ ነገሩ እንዲያበቃ እሺ። የሰማነው ነገር ሲከብደን ረዘም አድርገን እሺ...። ተቆጥተን እሺ! ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ «እስማማለሁ» ማለት የሆነው ስንቱ ነው? «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ብለው ነው ያሳደጉን። ደግ አባባል ነው፤ ሰው ከሰው ጋር የሚኖርበት ነው። ግን የእሳቸው የመጀመሪያው እሺ እና ሦስተኛው እሺ አንድ አልነበሩም። የመጀመሪያው የቸርነት ነበር። ሦስተኛው ሌላ መንገድ ያጣ ሰው እሺ ነበር። መሃሉ ላይ ያለው ሁለት ሴኮንድ ዝምታ ነው እምቢታቸው። ከዚያ በላይ ጮክ ብለው ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር። የቀን አበላቸው ከእኛ ጉዞ ነው። መጨረሻ ላይ ጉርሻውን የምንሰጣቸው እኛ ነን። ቀጣዩ ቡድን ሲመጣ ስለ እሳቸው ጥሩ ወይ መጥፎ የምንናገረው እኛ ነን። ሽማግሌነታቸው፣ ጠመንጃቸው፣ የአገሩ ሰው መሆናቸው፣ ያ ሁሉ እያለ በዚያች ደቂቃ ከሁለታችን አዛዡ እኔ ነበርኩ። እኔን ሊጠብቁ የመጡ ሰው ናቸው። ከእኔ ግን የሚጠብቃቸው አልነበረም።

ለራሴ ሰበብ ፈልጌ ነበር። ከፍታ ማሰብን ያዘገያል ይባላል፤ እውነትም ነው፣ አንዷ ጓደኛዬ በዚያ ቀን ራስ ምታት ይዟት ቃል እየጠፋባት ነበር። እኔ ግን ራሴን አላመመኝም። ብርሃኑን አስልቻለሁ፣ ፎከሱን አስተካክያለሁ፣ የሣሩን መስመር ከፍሬሙ ለማስወጣት ስንት እርምጃ እንደሚያስፈልግ አውቄያለሁ። ይህን ሁሉ ያሰላ አእምሮ ያንን አስተያየት ማንበብ አያቅተውም። አንብቤዋለሁ። ትርጉሙን ለኋላ አቆየሁት።

ፎቶ የሚያነሱ ጓደኞቼን ጠይቄያቸዋለሁ። ሁሉም እንዲህ ያለ ፎቶ አላቸው፤ ትልቅ ተራራ፣ ትንሽ ሰው። «ሰውን ለሚዛን አስገባው» እንባባላለን። እኔም ብዬዋለሁ፣ ለጀማሪዎችም አስተምሬዋለሁ። አሁን ግን ቃሉ አፌ ላይ ይከብደኛል። ሚዛን ዕቃ ነው። ሰውን ለሚዛን የማስገባ ከሆነ ቢያንስ መጀመሪያ እኔ ራሴ እዚያ ቦታ ላይ ሄጄ ልቁምበት። እግሬ ከከበደው ሌላ ሰው አልልክም። እሺ ካሉኝ በኋላም ዝም ብዬ ትንሽ እቆያለሁ። ሁለተኛ ጊዜ «ትንሽ ወደ ፊት» አልልም።

ፎቶውን ከገጼ ላይ አነሳሁት። የወዳጄም ቢሮ ግድግዳ ባዶውን ቀረ። ስነግረው «ታዲያ አልወደቁ» አለኝ። ልክ ነው፣ አልወደቁም።

«ፊቴ የሚታይበትን»

ለአስጎብኚው ደወልኩ። ጋሼን ማናገር እንደምፈልግ ነገርኩት። ከሦስት ቀን በኋላ ደባርቅ ላይ አግኝቷቸው አገናኘኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ብዙ ተጠያየቅን። ከዚያ ጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ያን ቀን እሜት ጎጎ ላይ... ፈርተው ነበር?»

ዝም አሉ። ያንኑ ዝምታ አወቅኩት።

«ነፋሱ ነው ልጄ» አሉ። «ነፋሱ ነው እንጂ።»

ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን አደረግሽኝና? ተይው» አሉኝ። ይቅርታዬን ከእሳቸው ይልቅ እኔ የፈለግኩት ያህል ሆነብኝ። ከዚያ እሳቸው የራሳቸውን ጥያቄ አመጡ። አስጎብኚው ያን ፎቶ በስልኩ አሳይቷቸው ነበር። የልጅ ልጃቸው አይታ «ይሄ ማነው?» አለች አሉኝ። «እኔ ነኝ ብላት አላመነችኝም» አሉ። «ፊቴ የሚታይበት የለሽም? እሱን ላኪልኝ።»

«አለ! እልካለሁ» አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከዚያ ጉዞ 1,412 ፎቶ አለኝ። ከመጀመሪያው ጀምሮ አየሁ። ጀርባቸው አለ። ጥላቸው አለ። ጀንበር ስትጠልቅ ጥቁር ቅርጻቸው አለ። ጠመንጃው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሞ እጃቸው ብቻ፣ ኮንጎ ጫማቸው ብቻ፣ የጋቢያቸው ጥለት ብቻ። የጭላዳ ፊት ሁለት መቶ ያህል አለ፤ ጥርሱ፣ የዓይን ሽፋሽፍቱ ሳይቀር። ያን ሁሉ መንገድ ከኋላዬ የሄዱት ሰው ፊት የለም። ሁለት ሌሊት ፈለግኩ። ስልኬን፣ የጓደኞቼን ስልክ፣ የጣልኳቸውን ፋይሎች ሳይቀር።

አንድ አገኘሁ። ወደ ቧሂት ተራራ በምንወጣበት ቀን ነው። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ስሻገር እግሬ ከዳኝና ካሜራው አንገቴ ላይ ሲወዛወዝ ራሱ አንስቶታል። ፎቶው ጠማማ ነው። ግማሹ ሰማይ፣ ጥጉ ላይ የእኔ እጅጌ። ጋሼ ከላይ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ዘርግተውልኛል፤ ሊስቡኝ። ፎከሱ መዳፋቸው ላይ አርፏል። የመዳፋቸው መስመር፣ ከእሳት የተረፈው ጥቁረት፣ አውራ ጣታቸው ላይ ያለው የቆየ ጠባሳ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከኋላው ፊታቸው ደብዝዟል። ቆብ፣ ጢም፣ የተከፈተ አፍ፤ ያ ብቻ። ያኔ የሆነ ነገር እያሉኝ ነበር። ምን እንዳሉኝ አላስታውስም።

ልላከው አልላከው ስል አንድ ሳምንት አለፈ። የጠየቁኝ ይህን አልነበረም። በመጨረሻ ከነጉድለቱ ለአስጎብኚው ላክሁለት፤ «ይህን ስጥልኝ፣ ሌላ የላትም በልልኝ» አልኩት። ማታ በድምፃቸው መልስ መጣ። ከኋላ የልጅ ሳቅ ይሰማል።

«ልጄ፣ ደርሶኛል። ፊቱን እንጃ፣ ማን እንደሆነ አልለየሁትም። እጁ ግን የኔ ነው።»